ቦንጋ ላይ የሚደመጠው ዘፈን የማን ነው?

የቦንጋ ባለሱቅ ለእያንዳንዱ ኪሎ ስኳር አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም፤ አስቀድሞ አምጥቶ መጋዘኑ ያኖረዋል። በኢንተርኔት የሚተላለፈው ዘፈንም እንዲሁ ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት በ1990 ዓ.ም. ያቋቋሙት አካማይና መሰሎቹ ቅጂውን በየአገሩ ባሉ ኮምፒዩተሮች ያኖሩታል፤ አድማጩም ከሚቀርበው ይቀበላል። እኛ መጋዘን እንበላቸው።

ስኳር ግን ሲሸጥ ያልቃል፤ ዘፈን ሺህ ጊዜ ቢቀዳም አይጎድልም። ጣጣው የሚመጣው ከዚሁ ነው። አንድ የከፋ ልጅ በካፊኖኖ የዘፈነውን ሌላው በራሱ ስም ቢያወጣው፥ መጋዘኑ ሌባውንም እንደ ባለቤቱ እኩል ያገለግለዋል። (በትጋት እንኳ አይታማም!) ባለመብቱ አቤት ብሎ ዋናው ቢነሣም፥ በየመጋዘኑ የቀረው ቅጂ እስኪጠረግ ወይም ጊዜው እስኪያልፍ ይቆያል።

የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛትንና የማሰራጨትን መብት ለደራሲው ሰጥቶታል፤ ይኸውም በሕይወቱ ዘመን ሁሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ ዘፋኝ ከሆንህ፥ ሥራህን ለራዲዮ ጣቢያ ወይም ለአከፋፋይ ከመስጠትህ በፊት፥ ለስንት ጊዜና ለየትኛው አገር እንደ ሆነ፥ ለሌላ ጣቢያም ማሳለፍ ይችል እንደ ሆነ በጽሑፍ አስፈርም። መጋዘኖቹ የጠያቂውን አገር ለይተው መከልከል ይችላሉ፤ የሚከለክሉት ግን ሲታዘዙ ብቻ ነው።