የባቢሎን የዙፋን አዳራሽ ጌጥና ምሳሌነቱ

የነገሥታት የዙፋን አዳራሽ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው ለንጉሡ መቀመጫ መሆን ነው፤ ሁለተኛው ቃል ሳይነገር የንጉሡን ክብር ለባለጉዳይ ማስታወቅ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁለተኛውን አገልግሎት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ605 እስከ 562 በነገሠው በባቢሎኑ ናቡከደነፆር አዳራሽ ምሳሌነት ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓላማችን ጌጡን ማድነቅ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን አገር ምልክት በራሳችን ልማድ መተርጐም እንደሚያሳስት ለማመልከት ጭምር ነው።

አዳራሹን ቆፍረው ያወጡት ከ1899 እስከ 1917 እ.ኤ.አ. በባቢሎን የሠሩት ጀርመናዊው ሮበርት ኮልደዌይና ጓደኞቹ ናቸው። ርዝመቱ 52፥ ስፋቱ 17 ሜትር ያህል ነው። ከግቢው የሚያስገቡ ሦስት በሮች ነበሩት። በመካከለኛው በር ትይዩ፥ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ወደ ውስጥ የገባ ስፍራ ስለ ተገኘ፥ ዙፋኑ የቆመው በዚያ እንደ ነበር ይታመናል። እንግዲህ በሩ ሲከፈት በግቢው የቆመ ሰው ንጉሡን ፊት ለፊት ለማየት ይችል ነበር ማለት ነው።

ጌጡስ የት ነበር? የውስጡ ግድግዳ በነጭ ጀሶ የተለሰነ ነበር። የትንቢተ ዳንኤል አንባቢ እዚህ ላይ የብልጣሶርን ግብዣና በልስኑ ላይ የጻፉትን ጣቶች ሳያስታውስ አይቀርም፤ ነገር ግን የልስኑ መገኘት ብቻውን ለታሪኩ ማስረጃ አይሆንም። ባለ ብዙ ቀለሙ ጌጥ የነበረው በውጭ፥ ወደ ግቢው በሚመለከተው ግንብ ላይ ነው። በእሳት ተተኩሶ እንደ ብርጭቆ በሚያብለጨልጭ ጡብ፥ በሰማያዊ መደብ ላይ ረጃጅም ቢጫ ዓምዶች፥ ከግርጌያቸውም የሚራመዱ አንበሶች ተሥለዋል። ስብርባሪው ወደ በርሊን ተወስዶ በሙዚየም ተገጣጥሟል። ከዚህ አቀማመጥ ስንነሣ፥ ጌጡ የታሰበው በዙፋኑ ለተቀመጠው ሳይሆን ተራውን ቆሞ ለሚጠብቀው ነበር ለማለት እንደፍራለን።

አሁን ወደ አንበሶቹ እንመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን አንበሳን በዙፋን አጠገብ ስናይ ወዲያው «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው የነገሥታቶቻችን ማዕርግ ይታወሰናል። ይህም በኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ ይሁዳን በአንበሳ ከመመሰሉ የመጣ ነው። በባቢሎን ግን አንበሳ ኢሽታር የተባለችው የፍቅርና የጦርነት አምላክ እንስሳ ነበር፤ በስሟ በተጠራው የከተማ በር ላይም ኮርማው የአዳድ፥ ዘንዶው የማርዱክ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ደግሞም ኢየሩሳሌምን አፍርሶ የይሁዳን ሰዎች የማረከ ይኸው ናቡከደነፆር ነው። ስለዚህ አንድ አውሬ በማራኪው ግንብ ላይም በተማራኪው በረከት ውስጥም ይገኛል፤ ትርጉሙ ግን አንድ አይደለም።

ምልክት ባለቤት ሲለውጥም እናያለን። ናቡከደነፆር ስሙን በጡቡ ላይ ያሳትም ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሳዳም ሑሴን በፍርስራሹ ላይ ቤተ መንግሥቱን እንደ ገና ሲያሠራ፥ የራሱን ስም በአዲሱ ጡብ ላይ አስጻፈ።

ስለዚህ የቤተ መንግሥት ጌጥ የሚያጠና ተማሪ «ይህ ምን ሥዕል ነው?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ማን አሠራው? ማንስ፥ የት ቆሞ አየው?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል እንላለን።