ሐኪሙ ለምን ወደ ሹመት ሄዱ?

የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ስም በተነሣ ቁጥር በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆናቸው ይወሳል፤ ገዥነታቸውና ዲፕሎማትነታቸው ግን ሲተርፍ የሚነገር ነገር ነው። ጭራሽ የሚቆጭም አለ፤ ሐኪም በጠፋበት አገር ስለ ምን ሹመት ያዙ ይላል። በእኔ አመለካከት ግን ወደ ሹመት የመራቸው ራሱ ሕክምናው ነው።

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለተገኙ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው፤ ቻርለስ ማርቲን የተባሉትም በሁለት አሳዳጊ መኮንኖች ስም ነው። ላሆር ላይ ሕክምና ተምረው፣ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አጠናክረው በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። ከዓድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛ አያውቁም ነበር። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ሲያክሙ ወሬው ዘመዶቻቸው ዘንድ ደረሰና አያታቸው መጥተው በገላቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩዋቸው። ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው ማን ያምነዋል?

ከዚያ ወዲህ የያዟቸውን ሥራዎች ቅደም ተከተል ልብ ይሏል። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሩ፤ ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲኖር ደከሙ። በ1920 ዓ.ም. የጣናን ግድብ ጉዳይ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር እንዲነጋገሩ ተላኩ። ቀጥሎ የጨርጨርን አውራጃ እንዲገዙ ተሾሙ። ከእሳቸው በፊት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጀመሩትን ይዘው የአሰበ ተፈሪን ከተማ ማስፋት፣ መንገድ ማስጠረግ፣ ግብሩን በሥርዓት ማስያዝ ዋና ሥራቸው ሆነ። ሐኪሙ ሥራ የለወጡ ይመስላል እንጂ የሚታገሉት ያንኑ ጠላት ነው። ድንኳን ውስጥ የታከመ ገበሬ መንገድ ወደሌለበት፣ ሹሙ እንዳሻው ወደሚያስገብርበት ቀዬው ይመለሳል። ይህን በመድኃኒት ማስወገድ አይቻልም።

እርግጥ፣ እሳቸው ቢሮ በገቡ ቁጥር ሐኪም ያጣ በሽተኛ ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሆኖም ትምህርት ቤቱን ሲረከቡ ዕድሜያቸው ስድሳ ነበር፤ በከተማዋም የውጭ አገር ሐኪሞች ይሠሩ ነበር። እንግሊዝኛውን፣ የቅኝ ግዛት አስተዳደርን አሠራርና የቤተ መንግሥቱን ወግ አንድ ላይ የሚያውቅ ሰው ግን ከየት ይገኛል? በ1927 ዓ.ም. ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ከተሾሙ በኋላ የፋሺስት ጣሊያንን ወረራ ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲያስረዱ የታየው ይኸው ነው። ዋጋውንም ከፍለዋል፤ ሊዋጉ የተመለሱት ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም በ1929 ዓ.ም. ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ።

የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፤ የገነቡት ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ መልካም ፈቃድ ላይ የቆመ ነበር የሚለው። ይህንን አልክድም። ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ እንድትሆን የታሰበች ነበረች፤ ሌሎች ገዥዎች ግን የሚበሉበትን ልማድ ትተው እንዲከተሏት የሚያስገድዳቸው አልነበረም፤ ወረራውም ጊዜ አልሰጠም። ይሁን እንጂ ይህ ወቀሳ ወደ ሿሚዎቹ እንጂ ወደ ተሿሚው ሊሄድ አይገባም። ሥራው ለምን ከጨርጨር እንዳልተሻገረ መጠየቅ የፈለገ ከአሰበ ተፈሪ ይልቅ የአዲስ አበባን ቤተ መንግሥት ይጠይቅ።