ቤትን የሚያነደው ነበልባሉ ነውን?

ጥር 30 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009) በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት የተዛመቱት የደን ቃጠሎዎች የ173 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፈዋል፤ ከ2,000 የሚበልጡ መኖሪያ ቤቶችንም አውድመዋል። በዕለቱ በሜልበርን ከተማ የተመዘገበው ሙቀት 46.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። የጋየው ደን በአብዛኛው እኛም በሚገባ የምናውቀው የባሕር ዛፍ ወገን ነው። ለመሆኑ በደን አጠገብ የተሠራ ቤት የሚቀጣጠለው በምን መንገድ ነው?

ብዙ ሰው ቤትን የሚያነደው ከደኑ የሚገሠግሠው ነበልባል ይመስለዋል። ነበልባል ከሩቅ ያለን ነገር የሚያሞቀው በጨረር ሲሆን፣ የጨረሩ ኃይል ግን ርቀት በጨመረ ቁጥር ይዳከማል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ ካናዳ ሆን ተብሎ በተለኮሰ ደን አጠገብ የእንጨት ግድግዳዎችን አቁመው ነበር። በ10 ሜትር ርቀት ከቆሙት አንዳንዶቹ ሲቀጣጠሉ፣ በ20 እና በ30 ሜትር የቆሙት አልነደዱም። እንጨት ለመቀጣጠል ከብርቱ ሙቀት ጋር በቂ ጊዜም ይሻል፤ የዛፍ አናት ነበልባል ደግሞ ፈጥኖ ያልፋል።

ታዲያ ከደኑ ራቅ ያሉት ቤቶች ስለ ምን ይነዳሉ? ዋነኛው ምክንያት ትንታግ ነው። ከእሳቱ በላይ ያለው አየር ሲሞቅ ቀልሎ ሽቅብ ይወጣል፤ የሚነድ ቅርፊትም ይዞ ይነሣል፤ ከዚያም ነፋስ ተቀብሎ ያርቀዋል። የባሕር ዛፍ ቅርፊት ስስና ረዥም በመሆኑ ለዚህ በረራ እጅግ የተመቸ ነው። በዚያ ዕለት በቪክቶሪያ ትንታግ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ እሳት ለኩሷል።

ለባሕር ዛፍ እሳት እንግዳ አይደለም። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከተቃጠሉ በኋላ፣ ከቅርፊታቸው ሥር ከተሸሸገ እምቡጥ እንደገና ያቆጠቁጣሉ። ቤት ግን አያቆጠቁጥም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ነጭ ባሕር ዛፍም ቅርፊቱን በረዣዥሙ እየላጠ የሚጥል ነው። ስለዚህ በእንጦጦ ግርጌም ሆነ በሌላ የባሕር ዛፍ ደን አጠገብ የሚኖር ሰው ቤቱን በትንታግ ዓይን ሊመረምረው ይገባል። የቆርቆሮ ጣሪያ አይነድም፤ ነገር ግን በአሸንዳ የተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል፣ ግድግዳ ተደግፎ የተከመረ ጭራሮ፣ ወደ ኮርኒስ የሚያስገባ ክፍተት ለአንዲት ትንታግ በቂ ናቸው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው በጀርባቸው የሚያወርዱ ሴቶች፣ ማንም ሳያመሰግናቸው የደኑን ነዳጅ ሲቀንሱ ኖረዋል። የቤቱ ባለቤት ድርሻ ደግሞ በጋው ሳይበረታ አሸንዳውን መጥረግ፣ ማገዶውን ከግድግዳ ማራቅና ክፍተቱን በጠባብ የብረት ወንፊት መዝጋት ነው።