ከፍትፍቱ ፊቱ

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲሉ የተናገሩት እንግዳን ደስ የሚያሰኘው የቀረበለት ምግብ ብቻ ሳይሆን፣ ይበልጡንም የአቅራቢው ገጽታ መሆኑን ለማስረዳት ነው። አባባሉ ስለ እንግዳ አቀባበል የተነገረ ይሁን እንጂ ችግረኛን ስለ መርዳትም የሚያስተምረው ቁም ነገር አለ። የዚህ ምንባብ ዓላማም አንድ ቤተሰብ መጠለያና ጧሪ ያጡ ሰዎች የሚኖሩበትን ማዕከል ሲጎበኝ ምን ይዞ፣ እንዴትስ ሆኖ መሄድ እንደሚገባው መግለጽ ነው።

በጣና ሐይቅ ካሉት ደሴቶች በስፋቱ የሚበልጠውን ደቅን ለምሳሌ እንውሰድ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ የሚገኘው በዚሁ ደሴት ነው። እንዲህ ባለ የገጠር አካባቢ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ቤቱ የፈረሰበትን ጎረቤት በደቦ ይሠራለታል፤ ጧሪ የሌላትን አሮጊት ዘመድ ያስጠጋታል፤ በበዓል ቀን ዝክር ይዘከራል። ሰጪው የተቀባዩን ስም ከነአባቱ ያውቃል። ዳሩ ግን ሥራ ወይም ሕክምና ፍለጋ ሐይቁን ተሻግሮ ባሕር ዳር የገባ፣ ከዚያም አልፎ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ቢታመም ወይም ቢያረጅ፣ ስሙን የሚጠራ ሊያጣ ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ ምጽዋት ቢያገኝም እንኳ ሳንቲሙን የጣለለት መንገደኛ ፊቱን ሳያየው ያልፋል።

የመጠለያ ማዕከሎች የሚቋቋሙት ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። በአገራችን በሰፊው ከታወቁት አንዱ በአዲስ አበባ የሚገኘው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። መሥራቹ ቢኒያም በለጠ ሥራውን የጀመሩት በ2002 ዓ.ም. ጥቂት ችግረኞችን በወላጆቻቸው ቤት በማስጠጋት ነበር። ዛሬ ማዕከሉ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይረዳል። መርሑም «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል ነው። ልደታቸውን፣ ሠርጋቸውን ወይም የሟች ዘመዳቸውን መታሰቢያ በዚያ ከሚኖሩት ጋር ማዕድ በመቁረስ የሚያስቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ቤተሰባችሁ እንዲህ ያለውን ማዕከል ለመጎብኘት ቢያስብ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። «ምን ጎድሏችኋል?» ብሎ ያልጠየቀ ሰጪ ለራሱ የቀለለውን እንጂ ለተቀባዩ የሚጠቅመውን አይሰጥም። በዓመት በዓል ሰሞን ድፎ ዳቦና ወጥ ሊበዛ ይችላል። በአዘቦት ቀን ግን ሳሙና፣ አንሶላ፣ መድኃኒትና ከአልጋ መነሣት ለማይችሉ አረጋውያን የሚሆን ዳይፐር ዘወትር ያስፈልጋል። ልብስ የምትሰጡ ከሆነ ታጥቦና ተጠግኖ ይሁን። እናንተ ለመልበስ የምታፍሩበትን ልብስ ሌላው ሰው ያለ ኀፍረት ይለብሰዋል ብላችሁ አታስቡ።

ስጦታውም የአባትና የእናት ብቻ መሆን የለበትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ገንዘብ ያለው በገንዘቡ፣ የሌለው በጉልበቱ ሊረዳ ይችላል። ልብስ ማጠብ፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን ጋዜጣ ማንበብ፣ እነዚህ ሁሉ በእናንተ ዕድሜ ያለ ተማሪ የሚችላቸው ተግባሮች ናቸው።

ከማዕከሉ በደረሳችሁ ጊዜ የምትገቡት ወደ ሰው መኖሪያ ቤት መሆኑን አትዘንጉ። አረጋውያኑን «እማማ»፣ «አባባ» ብላችሁ በአክብሮት እጅ ነሥታችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ስማቸውን ጠይቁ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ። «ለምን እዚህ መጡ? ልጆችዎ የት አሉ?» ብላችሁ ግን አትመርምሩ። ሊነግሯችሁ ከወደዱ አዳምጡ፤ ዝም ካሉም ዝምታቸውን አክብሩ። በአእምሮ ሕመም የሚሠቃየውን ሰው አይታችሁ አትሣቁ፤ እንዴት መቅረብ እንደሚገባችሁም ተንከባካቢዎቹን ጠይቁ። ሳይፈቅዱላችሁም ፎቶግራፍ አታንሡ። ችግሩን ለሕዝብ ዓይን በማጋለጥ የሚሰጥ እርዳታ ተቀባዩን ቢያጠግበውም ክብሩን ይነሣዋልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መመለስ ነው። «ደግሞ እንመጣለን» ብላችሁ የተለያችኋቸው አረጋዊ ቃላችሁን ይዘው በር በሩን ሲመለከቱ ሊሰነብቱ ይችላሉ። ስለዚህ የማትፈጽሙትን ቀጠሮ አትስጡ፤ ከሰጣችሁም አትቅሩ። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ትልቅ ድግስ ይልቅ በየወሩ የሚደረግ አጭር ጉብኝት ሰውየው ዳግመኛ ወገን እንዳገኘ ያስረዳዋል።

በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ማዕከል ባይኖርም ከዚህ ተግባር ነጻ አትሆኑም። በደቅም ሆነ በባሕር ዳር፣ ቤት እያላቸው ጠያቂ ያጡ ጎረቤቶች ሊኖሩ ይችላሉ። የእነርሱን በር ለማንኳኳት ጀልባም መኪናም አያስፈልግም።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ ጧሪ ያጡ ሰዎች የሚረዱበትን መንገድ ወላጆቻችሁን ጠይቃችሁ፣ በሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።