ስም ሁሉ እውነት አይናገርም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል እንሰማለን። የእንግሊዝኛን ቃላት ስንመረምር ግን መልአኩ ሳይጠየቅ የወጣ ስም ብዙ ሆኖ እናገኘዋለን።

«ጊኒ ፒግ» የሚባለውን ትንሽ እንስሳ እንመልከት። የስሙ ትርጉም «የጊኒ አሳማ» ነው። ነገር ግን እንስሳው ከአይጥ ወገን እንጂ አሳማ አይደለም፤ የትውልድ አገሩም ደቡብ አሜሪካ እንጂ ጊኒ አይደለም።

«ሌድ ፔንስል» የሚለውም እንዲሁ ነው። «ሌድ» እርሳስ የተባለው ማዕድን ሲሆን፥ በመጻፊያው እንጨት ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግን ግራፋይት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በቦሮዴል ግራፋይት በተገኘ ጊዜ ሰዎች የእርሳስ ዓይነት መሰላቸው። የስዊድኑ ኬሚስት ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1779 የካርቦን ዓይነት መሆኑን ቢያስረዳም ስሙ አልተለወጠም። እኛም በእንግሊዞች ልንስቅ አንችልም፤ በአማርኛ ያንኑ መጻፊያ «እርሳስ» እያልን እንጠራዋለንና።

«አራቢካ» የሚለው የቡና ስም ደግሞ እኛኑ ይነካል። ቡና ወደ አውሮፓ ገበያ አስቀድሞ የመጣው ከየመን ወደብ ስለ ነበረ፥ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 በዓረብ ስም ጠራው። ተክሉ በዱር የሚበቅልበት የትውልድ ስፍራው ግን በተለይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው።

እነዚህ ስሞች ቢያሳስቱም ሕይወት አያጠፉም። አደገኛው «ኢንፍላማብል» የሚለው ቃል ነው። «ኢን» በብዙ ቃላት ፊት ሲገባ ትርጉማቸውን ወደ አሉታ ይለውጠዋል፤ «ቪዚብል» የሚታይ፥ «ኢንቪዚብል» የማይታይ ማለት ነው። ስለዚህ «ፍላማብል» የሚቃጠል ከሆነ «ኢንፍላማብል» የማይቃጠል ነው ብሎ የሚገምት ተማሪ አይታጣም። ይህ ግምት ፍጹም ስሕተት ነው። ቃሉ የመጣው «አቀጣጠለ» ከሚል የላቲን ግሥ ሲሆን፥ «ኢን» በዚህ ላይ አሉታ አይደለም። ሁለቱም ቃላት «በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ» ማለት ናቸው። በላቦራቶሪ ውስጥ በአልኮል ጠርሙስ ላይ ይህን ቃል አንብቦ፥ አይቃጠልም ብሎ በአጠገቡ ክብሪት የሚጭር ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ብዙ የማስጠንቀቂያ ጽሑፎች «ፍላማብል» የሚለውን ይመርጣሉ፤ የማይቃጠለውንም «ኖንፍላማብል» ይሉታል። አሮጌው ቃል ግን ገና አልጠፋም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ ቃልን በመልኩ አንፍረድ። መዝገበ ቃላት መግለጥ የሚወስደው አንድ ደቂቃ ነው። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እንደሚባለው፥ ያጠራጠረንን ቃል መምህራችንን ብንጠይቅ አናፍርበትም፤ ሳይጠይቁ መሳሳት ግን አንዳንድ ጊዜ እጅን ያቃጥላል።