ለኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሆን ድራይቭ

ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ሲነሣ አንድ ትልቅ ፋይል ከዳር እስከ ዳር አያነብም። በድራይቩ ላይ ተበታትነው የተቀመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን፣ ብዙ ጊዜ በ4 ኪሎባይት ቁራጭ፣ ከዚህም ከዚያም ይለቃቅማል። ስለዚህ ሲስተሙ የሚጫንበት ድራይቭ ሲመረጥ ዋናው ነገር ድራይቩ ምን ያህል ይይዛል የሚለው አይደለም፤ የተጠየቀውን ትንሽ ነገር በምን ያህል ፍጥነት ፈልጎ ያገኛል የሚለው ነው።

ሃርድ ዲስክ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። የተፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ግድ ነው፤ ማንበቢያውን የተሸከመው ክንድ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪደርስ ደግሞ ወደ 9 ሚሊ ሰከንድ ይጨመራል። ሲደመር በሰከንድ ከ80 የማይበልጥ ንባብ ማለት ነው። ብዙ የላፕቶፕ ዲስኮች የሚዞሩት 5400 ጊዜ ስለሆነ ከዚህም ያነሰ ነው። ዊንዶውስ 10 በተጫነበት እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ዲስኩ 100 በመቶ ሥራ ላይ መሆኑ ይታያል፤ የሚነበበው ግን በሰከንድ 1 ወይም 2 ሜጋባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቫይረስ ይጠረጥራል፤ ወይም ራም ይገዛል።

ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ የተጠየቀውን የሚያገኘው ከ1 ሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባልበለጠ ጊዜ ነው። በሳታ የሚገናኘው ዓይነት በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። ደንቡ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣለት ኤንቪኤምኢ ደግሞ 3500፣ በአዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይም 7000 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ሻጭ የሚያጎላው ይህንን ቁጥር ነው። ነገር ግን ኮምፒውተር ሲነሣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቢበዛ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ሲኬድ ነው። ለቆየ ላፕቶፕ ተራው የሳታ ኤስኤስዲ ይበቃል።

ከመግዛት በፊት ማስገቢያውን ማየት ያስፈልጋል። ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ካርድ ሳታም ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል፤ መልካቸውም ይመሳሰላል። በአብዛኛው ሁለት ቁርጥ ያለው ሳታ፣ አንድ ቁርጥ ያለው ኤንቪኤምኢ ነው፤ አስተማማኙ ግን የማዘርቦርዱን መመሪያ ማንበብ ነው። 2280 የሚለው ጽሑፍ ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር መሆኑን ብቻ ይናገራል። አንዳንድ የቆዩ ማዘርቦርዶች ኤንቪኤምኢን ለፋይል ማስቀመጫነት ቢቀበሉም ከእሱ መነሣት አይችሉም።

ስለ መጠን፣ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 64 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ያ ግን ለመጫን እንጂ ለመኖር አይበቃም። ዝማኔዎችና ፕሮግራሞች ሲከማቹ 128 ይጠባል፤ 256 ያላውሳል። ኤስኤስዲ ሊሞላ ሲቃረብ መጻፍ ስለሚያዘግመው ትርፍ ቦታ መተው አይከፋም። ፎቶና ፊልም በሃርድ ዲስክ ላይ ቢቀመጡ የሚጎዳ ነገር የለም፤ በዋጋም ይረክሳል።

ሁለቱ አብረው ሲገጠሙ አንድ ጥንቃቄ አለ። የዊንዶውስ መጫኛ ሲስተሙን በተመረጠው ኤስኤስዲ ላይ ቢያስቀምጥም፣ ማስነሻውን የያዘችውን ትንሽ ክፍልፍል ሃርድ ዲስኩ ላይ ሊተዋት ይችላል። ከወራት በኋላ ሃርድ ዲስኩ ሲነቀል ወይም ሲበላሽ፣ ኤስኤስዲው ደህና ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ አልነሣም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሚጫንበት ጊዜ ሌላውን ዲስክ ነቅሎ፣ ሲያልቅ መልሶ መሰካት።