የጎተራ ጠባቂዋ ድመት፤ ቁስሏና ፈውሱ

ከሐሙሲት እስከ ወረታ የተዘረጋውና ጉማራ የሚያጠጣው የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዝ አዝመራው የታወቀ ነው፤ ሩዙም ታጭዶና ተወቅቶ ወደ ጎተራ በሚገባበት ጊዜ፥ አይጥ እህሉን ተከትሎ ወደ ቤት ስለሚገባ፥ ገበሬው ከወጥመዱም አስቀድሞ የሚተማመነው በድመቱ ነው። ይህ ጉርብትና እጅግ ጥንታዊ ነው፤ ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው እህል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ፥ የዱር ድመት አይጥን እየተከተለች ወደ መንደር እንደቀረበች ሊቃውንት ያስረዳሉ። ዳሩ ግን ይህች ፍጥረት ሌሊቱን ከመሰሏ ጋር ተናክሳ ወይም ከውሻ አምልጣ ቆስላ ስትገባ፥ «ልሳ ትድናለች» ተብላ ትተዋለች። ለላይ ላይ ጭረት ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለንክሻ ግን አይሆንም።

የድመት ክራንቻ ቀጭንና ሹል ስለሆነ፥ ሲነክስ ወደ ሥጋ ጠልቆ ይገባል እንጂ ቆዳውን በሰፊው አይቀድም፤ ቆዳዋም ልል በመሆኑ ጥርሱ እንደወጣ ቀዳዳው ወዲያው ይደፈናል። ባለቤቱ ከጠጉሯ ሥር አንዲት የደም ነጥብ አይቶ ሲተዋት፥ በጤነኛ ድመት አፍ ውስጥ የሚኖረው፥ በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ስም ፓስቱሬላ የተባለው ረቂቅ ተሕዋስ ከጥርሱ ጋር ገብቶ በውስጥ ይራባል፤ ከ2 እስከ 5 ቀንም ባለው ጊዜ ቦታው ያብጣል፥ ይግላል፥ መግል ይቋጥራል፤ ድመቲቱም መብል ትታ ከጎተራው ሥር ትሸሸጋለች። ስለዚህ ከሚታየው ሰፊ ቁስል ይልቅ የተደፈነው ጠባብ ቀዳዳ ይበልጥ ያስፈራል።

ሕክምናው የሚጀምረው በንጽሕና ነው። ድመቲቱን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ፥ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጠጉር በጥንቃቄ ከርክሞ፥ በግማሽ ሊትር ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ፥ በቀን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ እያፈሰሱ ማጠብ ነው። እባጩ ካልፈረሰ በሙቅ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ማኖር ይረዳል፤ በእጅ መጭመቅ ግን መግሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከፈረሰም በኋላ ቁስሉ ከጥልቁ ወደ ላይ እንዲሽር፥ አፉ ፈጥኖ እንዳይገጥም መጠበቅ ይገባል። ምላሷ ሻካራ ስለሆነ በመላስ ብዛት ቁስሉን እንዳትገሸልጠው፥ ከካርቶን የተቆረጠ ሰፊ አንገትጌ ማድረግ መልካም ነው።

የቡና ዱቄት፥ አመድና ቅቤ ቁስሉን ይሸፍኑታል እንጂ አያነጹትም፤ ላምባም ያቃጥላል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ለሰው መድኃኒት የሆነው ለድመት መርዝ መሆኑን አለማወቅ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር በ1867 እ.ኤ.አ. የቁስልን ምርቀዛ እንደሚከላከል ለዓለም የገለጠበት ካርቦሊክ አሲድ፥ እንደዚሁም የእርሱ ዘመድ የሆኑት ክሬዮሊንና ዴቶል፥ የድመት ጉበት ሊያከሽፋቸው ስለማይችል፥ በቆዳዋም በምላሷም ገብተው ይጎዷታል። ፓራሲታሞልማ አንዲት ፍሬ እንኳ ልትገድላት ትችላለች፤ ስለዚህ ከሰው የተረፈ እንክብል ፈጽሞ አይሰጣት።

ቁስሉ ዓይን፥ ደረት ወይም ሆድ የነካ እንደሆነ፥ መግሉ ከሸተተ ወይም ድመቲቱ አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች፥ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ግድ ነው፤ እባጩን በሥርዓት የሚከፍተውና ተሕዋስ ገዳይ መድኃኒቱን በክብደቷ ልክ የሚሰጣት እርሱ ነውና። ላሙን ለማሳከም የሚደክም ባለቤት ድመቱንም ይዞ ቢሄድ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ያልታወቀ ውሻ ወይም ቀበሮ የነከሳት እንደሆነ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ያሰጋልና፥ በባዶ እጅ አትንኳት። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው ክትባት የሚያድነው የሕመሙ ምልክት ሳይታይ በፊት ብቻ ነው።